የወደቀው በሬ መደብ

ጁባ ሄጄ አላውቅም። ሙቀቷንና አቧራዋን ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ እንጂ እግሬ አልረገጣትም። ቢሆንም በ2008 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የጁባ ገንዘብ ዋጋው ድንገት ሲወርድ፣ እዚህ ሰበታ ውስጥ እኔ የምመራው የኮምፒውተር መገጣጠሚያ መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። የማላውቀው ከተማ ገንዘብ ወድቆ የማውቃቸውን ልጆች ሥራ አስፈታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካችን ለጁባ ትምህርት ቤቶች ሦስት መቶ ገደማ ኮምፒውተር ሊሸጥ ተዋውሎ ነበር። ገዢው በዶላር ይከፍላል፤ በዚያ ዶላር ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ከውጭ ይገዛል፤ ሥራው ይቀጥላል። የነዳጅ ዋጋ ወረደ፣ የጁባ ገንዘብ ተከትሎት ወረደ፣ ገዢያችን አንድ ቀን "አልቻልኩም" ብሎ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። የእኛ ባንኮችም በዚያው ሰሞን ዶላር አጥሯቸዋል። ቡናው ዋጋ አጥቷል፣ ዝናቡ ቀርቷል፣ ጎረቤት አገሩ ሁሉ ኪሱን ይዟል። ባንኩ በእኛ ስም ለውጭው ሻጭ "እኔ እከፍላለሁ" የሚልበት ኤልሲ የሚባል ዋስትና አለ። እሱን ለማስከፈት የቆመው የነጋዴ ወረፋ መጨረሻው አይታይም ነበር።

እኔ ቢታንያ እባላለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ የቤት ኪራይ አባሮኝ ፉሪ የገባሁ፣ በየማለዳው በሚኒባስ ወደ ሰበታ የምወርድ የምርት ኃላፊ ነኝ። ትዕግሥት የለኝም። ሠራተኞቹ ከኋላዬ "ፊውዝ" ይሉኛል፤ ቶሎ ስለምቃጠል። እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስላላበዙት ትቻቸዋለሁ።

መስመሩ ላይ የቀሩት ኮምፒውተሮች ሊያልቁ ትንሽ ነበር የቀራቸው። የብረት ቤታቸው ተገጥሟል፣ ማዘርቦርዳቸው ተቀምጧል፣ ሃርድ ዲስካቸው ታስሯል። የጎደሏቸው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ብቻ ናቸው። ፕሮሰሰር ማለት ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ስስ ነገር ነው። እሱን የምታህል ነገር ጠፍታ ስልሳ ሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ያናድደኝም ያስደንቀኝም ነበር። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ኢፋ የሚባል የሰበታ ልጅ ነው። ሥራው ተገጥሞ ያለቀውን ኮምፒውተር ማብራት ነው። የሚያበራው ነገር ባይኖርም በየጠዋቱ እየመጣ ጠረጴዛውን ወልውሎ ቦታው ላይ ይቀመጥ ነበር። "ምን ትሠራለህ?" ስለው "ቦታዬን እየያዝኩ ነው" ይለኛል።

የፋብሪካው መሥራች ኢንጂነር ይገዙ ነው። ቤቱን ለባንክ አስይዞ ፋብሪካውን የተከለ፣ ከዚያ ወዲህ ቡራዩ ኪራይ ቤት የሚኖር፣ ባንክ ሲሄድ ሁልጊዜ ያችኑ ግራጫ ሱፍ የሚለብስ ሰው ነው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ደግሞ የኦቦ ዲሪርሳና የጎረቤቶቻቸው እርሻ ነበር። መሬቱ ለኢንዱስትሪ ተብሎ ሲወሰድ ካሣ ተሰጣቸው። ይገዙ በየቤታቸው እየዞረ "ካሣውን በልታችሁ ከምትጨርሱት አክሲዮን ግዙበት፤ መሬታችሁ ላይ የሚቆመው ፋብሪካ የእናንተም ይሁን" አላቸው። ብዙዎቹ ሰሙት። እንግዲህ ይህ ፋብሪካ ከተዘጋ እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን ሁለት ጊዜ አጡ ማለት ነው። ይገዙን እንቅልፍ የነሳው ይሄ ነበር። እኔንም ነስቶኛል፤ በእነሱ ግቢ ውስጥ ደመወዝ እየበላሁ እንዴት አይነሳኝ?

ጊዜው ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ማስተር ፕላኑ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሊውጥ ነው ተብሎ ከኅዳር ጀምሮ አገሩ ታምሷል። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የሚወራው የመንገድ ወሬ ነው፤ ቡራዩ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ሱሉልታ ተኩስ ተሰምቷል፣ የጫንጮ መኪና ከመንገድ ተመልሷል። ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ በኋላም ቁጣው አልበረደም። የፋብሪካ በር ያለው ሁሉ በሩን እያጠናከረ ነበር።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ኦቦ ዲሪርሳ መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቸኩለው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው።

"አካም ጅርቱ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ፈያ፣ ኦቦ ዲሪርሳ። አንቱስ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። እስኪ አሳዪኝ።"

ወደ ውስጥ ይዣቸው ገባሁ። ኮምፒውተሮቹ ክዳናቸው ተከፍቶ በረድፍ ተቀምጠዋል። ኦቦ ዲሪርሳ ኮፍያቸውን አወለቁና በረድፎቹ መሃል ቀስ ብለው ሄዱ። አንዱ ዘንድ ሲደርሱ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ።

"አልበራማ።"

"ምን ጎድሎት ነው?"

ከመሳቢያዬ አንድ የተቃጠለ አሮጌ ፕሮሰሰር አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። በዚያ ሰፊ መዳፍ ላይ ከበፊቱም አነሰች።

"ይቺ?"

"እሷ ናት።"

"ይሄን ሁሉ ያቆመች?"

"ይሄን ሁሉ።"

"ዋቃዮ" አሉ በለሆሳስ። ፈጣሪን መጥራታቸው ነበር። ከዚያ "መቼ ትመጣለች?" አሉኝ።

"አይታወቅም። ባንኩ ዶላር የለውም። እስከ ክረምት ላትመጣም ትችላለች።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያማ ደመወዝ የለም። ደመወዝ ከሌለ ሠራተኛው ይበተናል። ሠራተኛው ከተበተነ እቃው ቢመጣም የሚገጥመው አይኖርም። አለቀ ማለት ነው" አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ፊት ለፊት እንደማይነገር አላጣሁትም። ግን ክፉ ወሬን አለስልሶ መናገር አልችልበትም።

ኦቦ ዲሪርሳ ፕሮሰሰሯን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። "ገባኝ" አሉ። "እሁድ እንመጣለን።"

"ለምን?"

"ለሚደረገው ነገር" ብለው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ለይገዙ ስነግረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ሊካፈሉት ነው" አለ። "በእጃችን የቀረውን ወስደው ሊሸጡት ነው።" እኔም የመሰለኝ ይኸው ነበር። ሰሞኑን በየከተማው የሚሰማው የዝርፊያ ወሬ ነበር። "መብታቸው ነው" አለ ቀጥሎ፤ ለራሱ ነበር የሚናገረው።

እሁድ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ እኔና ይገዙ ግቢ ውስጥ ስንጠብቅ፣ ጥበቃችን ሀሰኖ ከማማው ላይ ሆኖ "እየመጡ ነው" አለ።

"ስንት ናቸው?" አልኩት።

"መንገዱ አይታይም።"

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ወንዱም ሴቱም አለ። ከፊት ኦቦ ዲሪርሳ ዱላቸውን ይዘው ይመራሉ። ሰዎቹ ጆንያ ይዘዋል፣ ገመድ ይዘዋል፣ አህያ ይነዳሉ። ጆንያና አህያ ይዞ ፋብሪካ በር ላይ የሚመጣ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ በዚያ ዓመት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

የፈራነው እኛ ብቻ አልነበርንም። ከታች ባለው ትልቅ ፋብሪካ በር ላይ የሚቆመው የፖሊስ ፒክአፕ እየከነፈ መጥቶ በሕዝቡና በበራችን መካከል ቆመ። ፖሊሶቹ ዘለው ወረዱ። መሣሪያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። አህያ አናፋ።

ይገዙ ሀሰኖን "ትንሿን በር ክፈት" አለው። ያቺን ግራጫ ሱፍ ለብሶ ብቻውን ወጣ። ለባንክ የሚለብሳትን ልብስ እሁድ ለምን እንደለበሳት ያኔ ነው የገባኝ፤ አክሲዮን ለገዙት ሰዎች መልስ ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ኖሯል። እኔ ተከትዬው የወጣሁት ከጀግንነት አይደለም። ብቻውን መውጣቱ አናዶኝ ነው።

የፖሊሶቹ አለቃ ወጣት ሳጅን ነው። አነጋገሩ የሰሜን ገጠር ነው። "ማን ነው የሰበሰባችሁ?" አለ።

ኦቦ ዲሪርሳ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "በሬ ነው የሰበሰበን" አሉ።

"ምን?"

"በሬ ወድቆብን ነው። የጋራ በሬ። ለእሱ ነው የመጣነው።"

ሳጅኑ አህዮቹን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ የሴቶቹን ነጠላ አየ። እኔ ቃታው ላይ ያረፈ ጣቱን ነበር የማየው።

"መቼ ነው የወደቀው?" አለ ሳጅኑ፤ ድምፁ ተለወጠ።

"ከገና በፊት።"

"ባለቤቱስ?"

ኦቦ ዲሪርሳ በዱላቸው ይገዙን አመለከቱ። "ይኸው፣ ከአጠገብህ ቆሟል።"

ሳጅኑ መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰና ወደ ይገዙ ዞረ። "ጌታዬ፣ በሩን አስከፍት። ሊዘርፉህ አይደለም የመጡት። መደብ ሊያነሱ ነው።"

"የምን መደብ?" አለ ይገዙ።

ሳጅኑ የከተማ ሰው ይህን አለማወቁ ሳይገርመው አልቀረም። መደብ የቅርጫ ሥጋ ድርሻ ነው፤ እኔም ቅርጫ ሲባል የማውቀው የአዲስ አበባውን ነው፤ ለፋሲካ ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ሥጋውን ይካፈላል፣ አለቀ። "በእኛም አገር እንዲሁ ነው" አለ ሳጅኑ። "ገበሬ የሚያርስበት በሬ ገደል ቢገባበት ጎረቤት ይሰበሰባል። ሥጋው ይመደባል፤ ሁሉም አንድ አንድ መደብ ያነሳል። ሥጋ አምሮት አይደለም። የሚከፍለውም የሥጋውን ዋጋ አይደለም፤ ሰውየው ሌላ በሬ ገዝቶ እርሻው እንዳይቆም የሚበቃውን ነው። ከሳ፣ ጠና ብሎ የሚያማርር የለም። የአባቴ በሬ የወደቀ ጊዜ አይቻለሁ።"

ይህን ብሎ በአጠገቡ የቆመችውን አህያ ገመድ ያዘ። ሰዎቹ እስኪጨርሱ ድረስ ሲጠብቃት ዋለ።

በሩ ተከፈተ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። መሬቱን የተነጠቀ፣ አክሲዮን ገዝቶ ገና አንድ ሳንቲም ያላገኘ ሰው፣ ፋብሪካው ሲወድቅበት ገንዘብ ይዞ ይመጣል ብሎ ማን ነግሮኝ? ባለአክሲዮን የሚባለውን ነገር በኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ችግር ሲመጣ አክሲዮኑን ሸጦ የሚወጣ ሰው ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ።

ይገዙ ግን ይከራከራል። "ኦቦ ዲሪርሳ፣ ይሄ እኮ ቀድሞም የእናንተ ነው። የራሳችሁን እቃ እንዴት ትገዛላችሁ?"

"የጋራ በሬ ሲሞት የጋራው ባለቤትም መደብ ያነሳል።"

"ደግሞ ኮምፒውተሮቹ አይሠሩም። ነፍስ የላቸውም።"

"የሞተ በሬ ነፍስ ኖሮት ያውቃል?" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳቁ።

"ብራችሁ ዶላር አይሆንም። ፕሮሰሰሩን አያመጣልኝም።"

"ዶላሩን አንተ ወረፋህን ይዘህ ጠብቅ። እኛ ሰዎቹን እናቆይልሃለን። ሠራተኛውን እስከ ክረምት መውጫ ለማቆየት ምን ይበቃል?"

ይገዙ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ባሕር ዛፉ ሥር ሄደው መከሩና የመደቡን ዋጋ ቆርጠው መጡ። ያለው እዚያው ከፈለ፤ የሌለው "ለመኸር" አለ። ይገዙ ስማቸውን ሊጽፍ እስክሪብቶ ሲያወጣ ኦቦ ዲሪርሳ እጁን ያዙት። "መደብ አይጻፍም። ማን እንዳነሳ ሁሉም ያያል።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለ ይገዙ። "መሬትዎ እዚህ ሥር ነው ያለው። አንቱ እኔን እንዴት..."

"በመወሰዱ ዛሬም ተናድጃለሁ" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ሳያፍሩ። "እሱን ለሚመለከተው እነግረዋለሁ፤ ልጆቻችንም እየነገሩ ነው። ይሄ ሌላ ነገር ነው።"

የቀረው የእኔ ሥራ ሆነ። እያንዳንዱን ኮምፒውተር በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልዬ አፉን አሰርኩ። ካርቶኑን ግን አልወስድም አሉኝ። "ቆዳው የባለቤቱ ነው" አሉ፤ በልማዱ በሬው ተበልቶ ቆዳው ለባለቤቱ ይቀራል። ስለ ካርቶን ከገበሬ ጋር እስከመጨቃጨቅ ደረስኩ፤ አልሰሙኝም። ባዶ ካርቶኖቹ መጋዘን ውስጥ ተከምረው ቀሩ፤ ኮምፒውተሮቹ ጭድ በተጎዘጎዘበት ጆንያ ገብተው አህያ ላይ ወጡ።

"ጭስ እንዳይነካው" እላለሁ ለእያንዳንዱ። "ዶሮ እንዳይወጣበት። ውሃ እንዳይፈስበት። ፕላስቲኩ እንዳይከፈት።"

የኢፋ እናት አዴ ተረፈች ተራቸው ሲደርስ ሰምተው ሰምተው ሰለቻቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ኢፋን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። "ኢንተላ ኮ፣ እኛ እኮ ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን" አሉኝ። ኢፋ እየሳቀ ኮምፒውተሩን ተሸክሞላቸው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ደመወዝ ሳይቋረጥ ክረምቱ ገባ። ሠራተኞቹ የየትምህርት ቤቱን አሮጌ ኮምፒውተር እየጠገኑ ቆዩ። ይገዙ በግራጫ ሱፉ ባንክ ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ከሰበታ ወደ ፉሪ ስመለስ በየመንደሩ ቤቶቹን በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ፣ ከእነዚህ ጣሪያዎች ሥር ስንቱ ጋ የእኔ ኮምፒውተር አለ እላለሁ። በፖሊሱም በሰልፈኛውም መሃል፣ በየጓዳው፣ ማንም ሳያውቃቸው ተቀምጠዋል።

ጳጉሜ ላይ ኤልሲው ተከፈተ። ይገዙ ደውሎ ነገረኝ።

መስከረም ሲያልቅ ፋብሪካው ተቃጠለ። ቢሾፍቱ እሬቻ በዓል ላይ ያ ሁሉ ሰው የሞተ ሰሞን ነው። አገሩ ሐዘን ላይ ነበር፣ ሐዘኑም ቁጣ ሆኖ ወደ መንገድ ወጣ። ማን አቃጠለው ብትሉኝ አላውቅም። ብዙ ሰው መጣ፣ ብዙ ሰው ሄደ። ኢፋ ከሰዓት ከሀሰኖ ጋር እሳቱን ለማጥፋት በባልዲ ውሃ ሲያመላልስ ነበር፤ ሀሰኖ ነው የነገረኝ። በማግስቱ ስደርስ የመገጣጠሚያው መስመር የጠቆረ ብረት ሆኗል፣ ጣሪያው ወርዷል፣ መጋዘኑ አመድ ነው።

በዚያው ሳምንት ከሰፈሩ ብዙ ወጣቶች ተለቅመው ተወሰዱ። ኢፋም ከእነሱ ጋር ተወሰደ። ውሃ ሲያመላልስ ነበር ብለን ሄደን ተናገርን፤ የሰማን ሰው አላገኘንም። የት እንዳለ የሚነግረንም አልነበረም።

ኦቦ ዲሪርሳ መጥተው አመዱን በዱላቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። የተቃጠለ ካርቶን ጫፍ አገኙ። "ቆዳው ነው የተቃጠለው" ብለው ለይገዙ አሳዩት። ሥጋው በየቤቱ ደህና ነው ማለታቸው ነበር። ይገዙ ገብቶት ነበር፤ ግን አፈረ። "ከፍለው የወሰዱትን መልሱልኝ ብዬ በምን አፌ እጠይቃለሁ?" አለኝ በኋላ። "ያኔ አንድ ጊዜ አድነውኛል። ሁለተኛ አልለምንም።" እኔም ተናድጄ ልጮህበት ፈልጌ፣ ሳየው ተውኩት።

ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው በታኅሣሥ ቦሌ ካርጎ ገቡ። ፊርማውን ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሁለት ካርቶን ናቸው። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አደረግኳቸው፤ ቦታው ለሁለቱም በቃ። የሦስት መቶ ማሽን ነፍስ ጭኔ ላይ ይዤ፣ የሚገባበት አካል ግን የለኝም። ከቦሌ እስከ ሰበታ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሰው የሞተብኝ መስሎት "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለኝ።

ማንንም አልጠራንም። ከሠራተኞቹ አንዱ እቤቱ አውርቶ መሆን አለበት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኦቦ ዲሪርሳ ደውለው "ወደ እድሩ አዳራሽ ነይ፤ መፍቻሽንም ያዢ" አሉኝ።

የሰበታ እድራቸው ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ አለው፤ ለቀብር የሚያገለግሉ አግዳሚ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች እዚያ ይቀመጣሉ። መሰብሰብ በአዋጅ የተከለከለበት ጊዜ ስለነበር ኦቦ ዲሪርሳ ለሚመለከተው ሄደው "የእድር ሥራ ነው" ብለው አስፈቅደዋል። ይገዙን ይዤው ገባሁ።

ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ላይ ጆንያ አለ። መሬቱ ላይ ጆንያ አለ። ሰዎች አሁንም እያመጡ ነው፤ በአህያ፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በትከሻ። አንዷ ልጅ ለገጣፎ ያገባች ናት፤ ጎጆ ስትወጣ የሰጧትን ከዚያ ድረስ በሚኒባስ አምጥታዋለች። እኔ አንዱን ጆንያ ፈታሁት። ፕላስቲኩ አልተከፈተም፤ እኔ ያሰርኩት ቋጠሮ እንዳለ ነው። ሌላ ፈታሁ። እሱም እንዳለ ነው። አንዱ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ አንዱ የጤፍ ብናኝ፣ አንዱ የጓዳ ቅቤ። በስንት ቤት ውስጥ፣ በስንት ጓዳ፣ ዶሮ እየተባረረላቸው ከርመዋል። ይገዙ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

"ከፍላችሁ የወሰዳችሁት ነው" አላቸው።

"ሥጋ ቢሆን በልተነው ነበር" አሉ ኦቦ ዲሪርሳ። "ይሄ አይበላም። አሁን ጂጊ ነው፤ ሰው አሰልፍ።"

ጂጊ የሚሉት እኛ ደቦ የምንለው ነው፤ የአንዱን ሥራ ሁሉም ወጥቶ የሚሠራበት። ሠራተኞቼን በጠረጴዛዎቹ ዳር ዳር አሰለፍኩ። አንዱ ፕላስቲኩን ይቆርጣል፣ አንዱ አቧራውን ይነፋል፣ እኔ ፕሮሰሰሩን አስቀምጣለሁ፣ ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ሜሞሪውን ትሰካለች፣ ሌላው ክዳኑን ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ ያመላልሳሉ። ስንት እንደገባ መቁጠር የጀመረው ይገዙ ነው። ማታ ሲጨርስ አንድም አልጎደለም። ማንም ያልጻፈው ነገር ሁሉ ተመልሷል።

ሥራው ሳይጀመር ግን የመጨረሻው ጠረጴዛ ባዶ ነበር። ስክሪን አለው፣ ኪቦርድ አለው፣ ወንበሩ ላይ ግን ሰው የለም። እዚያ የሚቀመጠው ኢፋ ነበርና ማንም ደፍሮ አልተቀመጠበትም፤ እኔም ተቀመጡ አላልኩም።

አዴ ተረፈች የመጡት ያኔ ነው። የራሳቸውን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልለው አዝለውታል። ፊታቸው ከስቷል። አወረድንላቸው።

"የኢፋ ቦታ የቱ ነው?" አሉኝ።

"ያ ነው፣ መጨረሻው። ማብሪያው ጋ። ግን አዴ ተረፈች፣ አንቱ እንዲሠሩ ማን ይጠይቅዎታል? አረፍ ይበሉ።"

"ጂጊ ላይ ከቤት አንድ ሰው ከጎደለ ሌላው ይመጣል" አሉ። "አለበለዚያ ተራው ይጠፋበታል።" ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ምኑን ነው የሚነካው?"

አሳየኋቸው። የእሳቸውኑ ኮምፒውተር ቀድሜ ከፈትኩት። ፕሮሰሰሩን ቦታው ላይ አኖርኩ፣ ሜሞሪው ተሰካ፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ ገፍተን ፊታቸው አደረስነው። አዴ ተረፈች አውራ ጣታቸውን ማብሪያው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩና ተጫኑት።

ማራገቢያው ተነሳ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ነጭ ፊደል ወረደበት፣ ከዚያ በራ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ አረፈ። ይሄን ማየት ሥራዬ ነው፤ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ኦቦ ዲሪርሳ ኮፍያቸውን አወለቁ። አዴ ተረፈች መዳፋቸውን ዘርግተው ብረቱ ላይ አደረጉ፤ አላነሱትም።

"እየሞቀ ነው" አሉ።

"አዎ" አልኩ።

"ዓመት ሊሞላ ነው አይደል? አትመጣም የተባለችው ነገር እኮ መጣች።" ኮምፒውተሩን በቀስታ ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ባዶ የሆነውን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ ኢፋ በየጠዋቱ እንደሚያደርገው። "ቀጥይ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ ሲመጣ ሥራ ተከምሮ እንዳይጠብቀው።"

ከካርቶኑ ሁለተኛውን ፕሮሰሰር አነሳሁ። ቀስ ብዬ ስለማስቀምጠው ጊዜ ፈጀብኝ። አዴ ተረፈች ግን አልቸኮሉም፤ በልጃቸው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁኝ።